ማን ማንን ይጠብቃል? አሮጌ ኮምፒውተርና ጎኑ ላይ የተሰካ ፕሮሰሰር እንዴት እንደሚግባቡ

ባለፈው ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ባለችው አዳራሽ፣ ሞባይልና ኮምፒውተር ለሚጠግኑ የሰፈራችን ልጆች ያወራሁት ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች ጻፍልን ስላሉኝ ከድምፅ ቅጂው ላይ ገልብጬዋለሁ፣ አንዳንዱን አሳጥሬያለሁ፣ አነጋገሩን ግን ብዙም አልነካካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። ከገላን የመጣችሁ አላችሁ፣ ከኮዬ ፈጬም አላችሁ፣ ከአቃቂ ድረስ ኬዝ ተሸክሞ የመጣም አይቻለሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መብራት ሳይሄድብን ማሳያውን ብንጨርስ ጥሩ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ።

ሁለት ፕሮሰሰር አለ እንበል። አንዱ አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ነው፣ ሌላው በኬብል ወይ በካርድ ጎኑ ላይ የተሰካ ነው፣ ሁለቱም የየራሳቸው ክሎክ (ሥራቸውን የሚያስኬድ ምት) አላቸው፣ አንዱ በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ይመታል ሌላው ሦስት ሚሊዮን ጊዜ፣ ማንም ማንንም ጠብቆ አይመታም። አሁን አንዱ ለሌላው አንዲት ባይት፣ ማለትም ስምንት ቢት (እያንዳንዷ ዜሮ ወይ አንድ)፣ ማቀበል ፈለገ። እንዴት ያቀብላል? ስምንት ሽቦ ለስምንት ቢት አገናኝተህ በቃ አለቀ ብሎ ሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ግን ሽቦው ላይ የ'ኤ' ኮድ ተቀምጦ ስታየው አሁን የመጣ አዲስ 'ኤ' ይሁን ወይስ ቅድም ያነሳኸው ያው 'ኤ' ይሁን ሽቦው አይነግርህም። ላኪውም ቢሆን ተቀባዩ ማንሳቱን ሳያረጋግጥ ሁለተኛውን ከደረበበት የመጀመሪያው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ከዳታው በላይ ትልቁ ነገር "አስቀምጫለሁ" እና "አንስቻለሁ" የሚሉት ሁለት ምልክቶች ናቸው እላለሁ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ችግር የለም፣ እነዚህን ሁለት ምልክቶች ግን ማንኛውም ቦርድ ላይ ፈልጋችሁ እንድታገኙ ነው የምፈልገው፣ ምክንያቱም የማይግባቡ ሁለት ቺፖች ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ዳታው ሳይሆን መጠባበቁ ነው።

ታክሲ ውስጥ ሹፌሩና ረዳቱ እንዴት እንደሚሠሩ አስቡት። ሹፌሩ መንገዱን ነው የሚያየው፣ ሂሳብ መቀበል፣ መልስ መስጠት፣ በር መክፈት፣ ተሳፋሪ መጥራት የረዳቱ ነው። ሹፌሩ በየመቶ ሜትሩ ዞሮ "ወራጅ አለ እንዴ?" እያለ ቢጠይቅ ይደርሳል፣ ግን ሥራው ሁሉ መዞር ይሆናል። ይሄን ነው ፖሊንግ ምንለው። ረዳቱ ራሱ "ወራጅ አለ!" ብሎ ሲያቋርጠው ደግሞ ኢንተራፕት ነው። በነዚህ አሮጌ ማሽኖች ላይ ደስ የሚለኝ ነገር ምንድነው፣ አዲስ ፕሮሰሰር ሲሰካበት አሮጌው ኮምፒውተር አይጣልም፣ ረዳት ይሆናል። ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ዲስኩን ይይዛል፣ መጤው ደግሞ መሪውን ይይዛል።

መጀመሪያ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እንይ። ይሄ አሮጌ ፔንቲየም ነው፣ ዶስ የሚባል የድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው ያለበት። ኪቦርድ ዝም ብሎ ቁልፍ ይመስላችኋል ግን ውስጡ ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮሰሰር አለ፣ በአይቢኤም ፒሲ ዘመን 8048 ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ፒሲ ኤቲ ሲመጣ ደግሞ ከሱ ጋር የምታወራ 8042 የምትባል ሌላ ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱ ላይ ተጨመረች። ከዋናው ፕሮሰሰር ጋር የሚገናኙት በሁለት ፖርት (የመገናኛ አድራሻ) ነው፣ 60 እና 64፣ ቁጥሮቹ ሄክስ (በ16 የሚቆጠሩ) ናቸው። 60 ባይቷ የምትቀመጥበት ነው፣ 64 ሁኔታው የሚነበብበት ነው። 64 ላይ ቢት 0 አንድ ከሆነች "ላንተ ያስቀመጥኩት አለ፣ አንሳ" ማለት ነው፣ ቢት 1 አንድ ከሆነች ደግሞ "የሰጠኸኝን ገና አላነሳሁም፣ አትደርብብኝ" ማለት ነው። አያችሁ፣ ሁለቱ ምልክቶች እነዚሁ ናቸው፣ ሌላ የተደበቀ ነገር የለም። ፖርት ለማንበብና ለመጻፍ የሚያስችለውን የዶስ ፕሮግራም፣ ዲበግን፣ ከፍቼ "አይ 60" ብዬ ኢንተር ስመታ... ይኸው፣ 1ሲ አለኝ። ይሄ የራሷ የኢንተር ኮድ ነው፣ ትእዛዙን ለማስገባት የመታኋት ቁልፍ እዛው ፖርቱ ላይ ተቀምጣለች። ጣቴን ሳነሳ ደግሞ 9ሲ ይላካል፣ ያው ቁጥር ሆኖ ላይኛዋ ቢት በርታ ማለት ነው። ይሄን ወደፊት መጥታችሁ ራሳችሁ ሞክሩት፣ ሁለት ፕሮሰሰር ሲነጋገር በጣት መንካት የምትችሉበት ቦታ ነው።

አሁን ወደምወደው ማሽን ልምጣ። ቢቢሲ ማይክሮ ይባላል፣ ካምብሪጅ እንግሊዝ የነበረው አኮርን የሚባል ኩባንያ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ። ማሽኑ እዚህ የለም፣ ላፕቶፑ ላይ በኢሙሌተር (ማሽኑን በሚያስመስል ፕሮግራም) ነው የማሳያችሁ፣ ግን ስኬማቲኩም ሰነዱም በነፃ ስለሚገኝ ከማንም እኩል ልታጠኑት ትችላላችሁ። ፕሮሰሰሩ 6502 ነው፣ 2 ሜጋኸርዝ፣ ሞዴል ቢ የሚባለው ሚሞሪው 32 ኪሎባይት። ችግሩ ትልቁን የስክሪን ሞድ ከመረጥክ ከ32ቱ 20ውን ኪሎባይት ስክሪኑ ብቻውን ይወስደዋል፣ ከቀረው ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ ይቀንሳል፣ ለፕሮግራምህ የምትተርፍልህ ትንሽዬ ናት። ማሽኑን የነደፉት ሰዎች ይሄን ገና ከመጀመሪያው ያውቁ ነበርና ከኮምፒውተሩ ሆድ ሥር ባለ 40 ፒን ኬብል የሚሰካበት ቦታ አስቀመጡ፣ ስሙን ቲዩብ አሉት። እዛ ላይ ሌላ ሣጥን ትሰካለህ፣ ውስጡ ሌላ ፕሮሰሰር የራሱ ሚሞሪ ያለው። ለምሳሌ 3 ሜጋኸርዝ የሚሄድ ሌላ 6502 ከ64 ኪሎባይት ጋር፣ ወይ ደግሞ ሲፒ/ኤም የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚያስነሳ፣ 6 ሜጋኸርዝ የሚሄድ ዜድ80 የሚባል ፕሮሰሰር። በነሱ አጠራር ሆስት የሚባለው ቢቢሲው ነው፣ ኪቦርዱና ስክሪኑ ያለው።

በመሃላቸው አንድ ቺፕ አለ። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች ሚሞሪ አይጋሩም፣ አንዱ የሌላውን ሚሞሪ ማየት አይችልም፣ የሚተያዩት በዚህች ቺፕ በኩል ብቻ ነው። ከሁለቱም ወገን ስታያት ስምንት አድራሻ ናት፣ አራት ጥንድ፣ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ የሁኔታ አንድ የዳታ። የሁኔታው ላይኛዋ ቢት "የሚነሳ አለ" ትላለች፣ ቀጥላ ያለችው "ቦታ አለ፣ ማስቀመጥ ትችላለህ" ትላለች። ከኪቦርዷ 8042 ጋር አወዳድሩት፣ ሐሳቡ አንድ ነው፣ እዚህ ግን አራት ጊዜ ተደግሟል። ለምን አራት? ምክንያቱም ሁሉም ጉዳይ በአንድ በር ከገባ አስቸኳዩ ከማያስቸኩለው ኋላ ይሰለፋል።

የመጀመሪያው በር ለስክሪን ነው። መጤው ፕሮሰሰር ስክሪን ላይ ፊደል ማውጣት ሲፈልግ ባይቷን እዚህ ይጥላታል፣ ወደ ሆስት በሚሄደው አቅጣጫ 24 ባይት ድረስ ተሰልፎ መጠበቅ ይችላል። እስኪ 24ትን አስቡት፣ በዚህ ማሽን መስመር ለመሳል የሚላከው ትእዛዝ 6 ባይት ነው፣ ስለዚህ አራት ሙሉ የስዕል ትእዛዝ ጥሎ ወደ ሂሳቡ ይመለሳል፣ ቢቢሲው በራሱ ፍጥነት እያነሳ ይስላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እየሠሩ ነው እኮ! አንዱ የሚቀጥለውን ነጥብ ሲያሰላ ሌላው ያለፈውን ይስላል፣ ከዛሬ 40 ዓመት በፊት፣ ለትምህርት ቤት በተሠራ ማሽን። በዚያው በር በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ተጠቃሚው ኤስኬፕ ሲጫን ሆስቱ መጤውን በኢንተራፕት ያቋርጠዋል።

ሁለተኛው በር ጥያቄና መልስ ነው። መጤው "ከኪቦርድ አንድ ፊደል አንብብልኝ" ለማለት ዜሮ ይልካል፣ ከዛ ይጠብቃል፣ ሰው ቁልፍ እስኪመታ ይቆይ እንጂ ሌላ ሥራ የለውም፣ መልሱ ሁለት ባይት ሆኖ ይመጣል፣ አንዷ ተሳካ አልተሳካም ምትል፣ አንዷ ራሷ ፊደሏ። እዚህ ጋ መዘግየቱ ምንም አይጎዳም።

ሦስተኛውና አራተኛው ግን አብረው ነው የሚሠሩት፣ እና ለኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ክፍል ይሄ ነው። ከዲስክ ትልቅ ፋይል ሲጫን ሆስቱ በአራተኛው በር መጤውን ያቋርጠውና "ዳታ ላስተላልፍልህ ነው፣ ዓይነቱ ይሄ ነው፣ የሚቀመጥበት አድራሻ ይሄ ነው" ይለዋል። ከዛ ዳታው በሦስተኛው በር ይጎርፋል፣ እያንዳንዷ ባይት ስትመጣ መጤው ሊከላከለው በማይችለው ኢንተራፕት ይቀሰቀሳል። አንድ አንድ ባይት በሚያስተላልፈው ዘዴ ሆስቱ በየባይቱ መሃል 24 ማይክሮ ሰከንድ እንዲጠብቅ ነው ሕጉ፣ 256 ባይት ባንዴ በሚሄድበት ዘዴ ደግሞ 10 ማይክሮ ሰከንድ። ልብ በሉ፣ እዚህ "አንስተሃል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ቀርቷል፣ በሰዓት መተማመን ነው የተተካው። ለምን ቢባል ሁኔታውን ማንበብ ራሱ ጊዜ ይበላል። በዚህ ፍጥነት ስታሰሉት 16 ኪሎባይት ከ0.2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልፋል። ግን ዋጋ አለው፣ መጤው በ10 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ካላነሳ ባይቷ ትጠፋለች፣ ማንም ደግሞ አይነግራችሁም። ቦርድ ስትጠግኑ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ፣ "አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም" የሚባል ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚወለደው መጠየቅ ቀርቶ መተማመን በተተካበት ቦታ ነው።

ኢሙሌተሩን ላስነሳው። ይኸው ስክሪኑ ላይ "አኮርን ቲዩብ 6502 64ኬ" ብሎ ጻፈ። ይሄን ጽሑፍ የጻፈው ቢቢሲው አይደለም፣ መጤው ፕሮሰሰር ነው፣ ከራሱ ትንሽ ሮም (መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ሚሞሪ) አንብቦ በመጀመሪያው በር ፊደል በፊደል የላከው ነው። ቀጥሎ ቢቢሲው ውስጥ ያለው ቤዚክ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በቲዩቡ ተገልብጦ ወደ መጤው ሚሞሪ ሄዶ እዛ ይሠራል። ለፕሮግራም የሚተርፈው አሁን 30 ኪሎባይት ሆነ፣ ለዚሁ ተብሎ ከፍ ባለ አድራሻ እንዲቀመጥ በተዘጋጀው ቤዚክ ደግሞ 44። ስክሪኑ ከዚህ ላይ አንዲት ባይት አይወስድም።

አንድ ነገር ላስምርበት፣ ምክንያቱም ፕሮግራም ለምትጽፉት ትልቅ ትምህርት አለው። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ፍጥነት ለማግኘት ብሎ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አልፎ ቀጥታ ስክሪን ሚሞሪ ላይ ይጽፍ ነበር። ቲዩብ ሲሰካ እነዚህ ፕሮግራሞች በሙሉ ዝም አሉ። ለምን? ፕሮግራሙ አሁን ያለው መጤው ውስጥ ነው፣ የሚጽፍበት አድራሻም የመጤው ሚሞሪ ነው፣ እዛ ደግሞ ስክሪን የለም። ፊደል ለማውጣት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የጠሩት ግን አንዲት መስመር ሳይቀየርላቸው ሥራቸውን ቀጠሉ፣ የሚጠሩት አገልግሎት ኬብል ተሻግሮ እንደሚሠራ እንኳ አላወቁም። አኮርን ይሄን ገና ሲጀምር አስጠንቅቆ ነበር። እኔ ከዚህ የበለጠ ጥሩ የዲዛይን ውሳኔ በዚያ ዘመን ማሽን ላይ አላየሁም፣ ይሄን በጣም ከልቤ ነው የምለው።

ደግሞ የቲዩብ ትልቁ ታሪክ ገና አልተነገረም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1985 ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የነደፉት ኤአርኤም1 የሚባል ቺፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ጀመረ። 25,000 አካባቢ ትራንዚስተር ብቻ ያለው ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር። ከምን ጋር ተሰክቶ ይመስላችኋል? ከቢቢሲ ማይክሮ ጋር፣ በዚሁ በቲዩብ። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው፣ በየቀኑ ስክሪን የምትቀይሩለት ስልክ ፕሮሰሰር የዚያ ቺፕ ዘር ነው፣ የመጀመሪያ ቃሉንም የተናገረው በአንድ ባለ 8 ቢት ኮምፒውተር አፍ ነው። ነዳፊዎቹ የሚተርኩት ነገር አለ፣ የሚወስደውን ከረንት ለመለካት አሚተር ሲያስገቡ ዜሮ አነበበ፣ ቺፑ ግን እየሠራ ነው። ሲያጣሩት የፓወር መስመሩ አልተገናኘም፣ በሲግናል ሽቦዎቹ ከሚሾልከው ከረንት ብቻ ነው ሲሠራ የነበረው። ቺፑ ምን ያህል ቆጣቢ እንደሆነ ለማሳየት ነው ሁሌ የሚወራው፣ ለኛ ለጠጋኞች ግን ሌላም ነገር ይናገራል፣ የሲግናል ሽቦ መልእክት ብቻ አይደለም የሚያመጣው፣ ፓወርም ያመጣል። አንዱ ቦርድ በርቶ ሌላው ጠፍቶ አታገናኙ ስላችሁ የኖርኩት ለዚህ ነው።

ሌሎች መንገዶችም ነበሩ፣ በፍጥነት ላንሳቸው። አፕል 2 ላይ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1980 ሶፍትካርድ የሚል ዜድ80 ያለበት ካርድ አወጣ፣ እሱ በር የለውም፣ ሚሞሪውን ከ6502ቱ ጋር ይጋራል፣ ግን ተራ በተራ ነው፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይቆማል። ሁለቱም የታችኛውን አድራሻ ለራሳቸው ስለሚፈልጉት ካርዱ የዜድ80ን ዜሮ በሄክስ 1000 ወደ ላይ ገፍቶ ያሳየዋል። ርካሽና ብልህ ነው፣ ግን ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለማይሠሩ ፍጥነታቸው አይደመርም። ኮሞዶር 64 ደግሞ ዲስክ ድራይቩ 1541 ራሱ 6502 እና 2 ኪሎባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ነው፣ የሚያወሩት በጥቂት ሽቦ ቢት በቢት ነው፣ በሰከንድ 400 ባይት አካባቢ፣ 30 ኪሎባይት ለመጫን ከደቂቃ በላይ። ስለዚህ ሰዎች ምን አደረጉ፣ የራሳቸውን ፈጣን ፕሮግራም ድራይቩ ራም ውስጥ አስገብተው እዛው አስነሱት፣ ሁለቱም ወገን አዲስ ቋንቋ ተስማሙ ማለት ነው።

እዚህ ጋ ኋላ የተቀመጡት አባታችን፣ ድሮ ቴሌ የሠሩ፣ እጃቸውን አውጥተው "ልጄ፣ እኛ ዘንድ እኮ ሽቦ ሳይጨመር በዚያው መስመር ነበር ቁም ሂድ የምንለው" አሉኝ። ትክክል ናቸው፣ ጥሩ አስታወሱኝ። በሲሪያል መስመር (ዳታው ቢት በቢት በሚላክበት) ላይ ለመጠባበቂያ የተለየ ሽቦ ከሌለ ከዳታው መሃል ኮድ 19 ይላካል፣ "ቁም" ነው፣ 17 ሲላክ "ቀጥል"። ከቴሌታይፕ የወረቀት ቴፕ ማንበቢያ የመጣ ነገር ነው፣ ዛሬም ተርሚናል ላይ ኮንትሮል ኤስ ስትጫኑ ጽሑፉ የሚቆመው በዚሁ ነው። ደካማ ጎኑ የምትልከው ዳታ ውስጥ 19 በአጋጣሚ ካለ መስመሩ ይቆማል፣ ስለዚህ ለጽሑፍ እንጂ ለፕሮግራም ፋይል አይሆንም። አባታችን፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ሰዎች በዚያው ቲዩብ ላይ ራስበሪ ፓይ የሚባል ትንሽዬ ኮምፒውተር ይሰካሉ። ፓይው መጤ ፕሮሰሰርም የመሃሏ ቺፕም ሆኖ ይተውናል። በጣም ፈጣን ስለሆነ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ቢቢሲው በ2 ሜጋኸርዝ አንድ ዙር 500 ናኖ ሰከንድ ነው፣ ሲያነብ መልሱ በግማሹ፣ ማለትም በ250 ናኖ ሰከንድ ውስጥ ሽቦው ላይ መቀመጥ አለበት። ሊኑክስ ይሄን ቃል ሊገባላችሁ አይችልም፣ በመሃል ሌላ ሥራ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው የሚያስነሱት። ቮልቴጅም አለ፣ ቢቢሲው 5 ቮልት ፓይው 3.3 ቮልት ስለሆነ በመሃል ቮልቴጁን የሚያስማማ ሌቭል ሺፍተር ይገባል፣ ያለሱ ፓይው ይቃጠላል።

ከዛ አንዲት ልጅ፣ ኮዬ ፈጬ የጥገና ሱቅ ያላት፣ "ጋሼ፣ ፓይ ውድ ነው፣ በአርዱዪኖ አይሆንም ወይ?" አለችኝ። ጥያቄዋን በጣም ወደድኩት፣ መልሱንም እዛው ሰሌዳ ላይ አብረን ነው ያሰላነው። አርዱዪኖ ኡኖ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም የሚጫንበት ቦርድ 16 ሜጋኸርዝ ነው፣ አንድ ዙር 62.5 ናኖ ሰከንድ፣ በ250 ናኖ ሰከንድ ውስጥ አራት ዙር ብቻ አለው። ኢንተራፕት ለመግባት ብቻ ቢያንስ አራት ዙር ይፈልጋል፣ ስለዚህ ገና በሩን ሳይከፍት ጊዜው አለቀ። በቀጥታ አይሆንም። ግን በመሃል ባይቷ የምትቀመጥበትን ሣጥን ራሳችን ከሠራነው ይሆናል! ባይቷን የሚይዙ ሁለት 74ኤልኤስ374፣ አንዱ ለመሄጃ አንዱ ለመምጫ፣ ለሁለቱ ምልክቶች ደግሞ አንድ 74ኤልኤስ74፣ ውስጡ ሁለት ፍሊፕ ፍሎፕ (እያንዳንዱ አንድ ቢት የሚይዝ) ስላለ ለየአቅጣጫው አንድ አንድ ይደርሳል፣ ሁኔታውን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያሳይ 74ኤልኤስ244፣ እና አድራሻ የሚለይ ቺፕ። አርዱዪኖው 5 ቮልት ስለሆነ ሌቭል ሺፍተር አያስፈልግም። ቺፖቹ ምናለሽ ተራ ከሚገኙ አሮጌ ቦርዶች ላይ ሊነቀሉ ይችላሉ፣ ማሽኑም ቢቢሲ መሆን የለበትም፣ አይኤስኤ የሚባለው የድሮ የካርድ መሰኪያ ስሎት ያለው ማንኛውም አሮጌ ፒሲ ይበቃል፣ አይቢኤም ከሄክስ 300 እስከ 31ኤፍ ያለውን ፖርት ለሙከራ ካርድ ብሎ ትቶታል። ዳታው 300 ላይ፣ ሁኔታው 301 ላይ ይሁን አልን።

ይሄን ነው ለሚቀጥለው ጊዜ የምንሠራው። አንድ ነገር ብቻ፣ አድራሻ የሚለየው ቺፕ ላይ ኤኢኤን የምትባለዋን የአይኤስኤ ፒን ሳታስገቡ እንዳትጀምሩ። ዲኤምኤ (ዳታ በፕሮሰሰሩ ሳያልፍ ወደ ሚሞሪ የሚሄድበት ዘዴ) ሲሠራ፣ ለምሳሌ ፍሎፒ ሲነበብ፣ አድራሻ ሽቦዎቹ ላይ ያለው የሚሞሪ አድራሻ ነው፣ የማንበቢያና የመጻፊያ ሲግናሎቹ ግን እንደ ፖርት ይመታሉ፣ ኤኢኤንን ካላያችሁ ሣጥናችሁ ማንም ያልላከለትን ባይት አነሳሁ ይላል። ካርዱ ሲያልቅ ዲበግ ከፍታችሁ "ኦ 300 41" በሉ፣ 41 በሄክስ የ'ኤ' ኮድ ነው፣ አርዱዪኖው 'ኤ' ካወጣ ጨረሳችሁ። ካላወጣ 301ን አንብቡ፣ ምልክቷ ተነስታ እዛው ከቀረች ችግሩ ከአርዱዪኖ ወገን ነው፣ አላነሳም ማለት ነው፣ ጭራሽ ካልተነሳች ደግሞ ኦሲሎስኮፑን አድራሻ መለያው ላይ አድርጉና ከዛ ጀምሩ።